መኪናውን አትግዢው

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መካኒኩ በገዛ ጋራዡ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወረደበትና በወጣበት የመፈተሻ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሰፈሩ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ቅጽል ስሙ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ የመኪናውን በሽታ ይናገራል፤ ስቶም አያውቅ። አሁን ግን በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ከብረቱ ደረጃ ጋር ተላትሞ ተኝቷል።

ከጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ጥቁር ቅንጡ መኪና ቆማለች። ከፍ ያለች፣ መስታወቷ የጠቆረ፣ ከአሮጌዎቹ ታክሲዎች መሐል ሠርግ ቤት የገባች እንግዳ የምትመስል። የፊት ፓራውልቷ ተፈትቶ መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ብሎኖቹ በጣሳ ክዳን ውስጥ በየተራቸው ተደርድረዋል።

«አንሸራቶት ነው፤» አለች ሳጅኗ የጉድጓዱን ከንፈር እያሳየች። ሰፊ የዘይት ኩሬ ተኝቶበታል።

ኢንስፔክተሩ ወደ ኩሬው ጠጋ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ ሰው ያዘጋጀው መሆኑን ነው። ተንበርክኮ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነከረና ወደ ብርሃኑ አነሣው። እንደ ማር ጠርቷል።

«እዚህ ቤት ያለውን ዘይት እስቲ ተመልከቺ፤» አላት።

ሳጅኗ ዞር ዞር ብላ አየች። በርሜሉ ውስጥ ያለው የተቃጠለ ጥቁር ዘይት ነው። ወለሉ ላይ የነጠበው ሁሉ ጥቁር ነው፤ እሱም ቢሆን ሰጋቱራ ተበትኖበታል። መደርደሪያው ላይ ግን አንድ አዲስ የሞተር ዘይት ማሸጊያው ተቀዶ፣ ግማሹ ጎድሎ ቆሟል።

«ጫማውንስ?»

ወደ ጉድጓዱ ወርዳ የሟቹን ሶል አየች። ሰጋቱራ ተጣብቆበታል። ዘይት የለበትም።

«ዘይት ያንሸራተተው ሰው ዘይቱን መርገጥ ነበረበት፤» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይሄ የፈሰሰው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው።»

*

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያረፈው በቀለም ቀቢው ላይ ነበር። ከሟቹ ጋር ጋራዡን ለሁለት የያዘውም፣ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ፊት ለፊት ያለው የመለዋወጫ ሻጭ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቷል። ቀለም ቀቢው ጮክ ብሎ «አንድ ቀን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትቀራለህ» ማለቱን በጆሮዬ ሰማሁ ብሎ መሰከረ።

«ብያለሁ፤» አለ ቀለም ቀቢው። «ጉልበቱ ታሞ ነበር። አትውረድ፣ ሰው እንቅጠር፣ ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ? ክፉ አፍ አለኝ። ክፉ ልብ ግን የለኝም።»

«ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ምሳ እየበላሁ።»

«የት?»

ማዶ ያለውን ምግብ ቤት ጠቆመ። ሳጅኗ ሄዳ ጠየቀች፤ ዛሬ አላየነውም አሏት። ተመልሳ በኢንስፔክተሩ ጆሮ ስታንሾካሹክ ቀለም ቀቢው አየና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል ሊተነፍስ ፈቃደኛ አልሆነም። ኢንስፔክተሩ ጣቢያ እንዲቆይ አደረገው።

የመኪናዋ ነገር ግን አልለቀቀው አለ። ባለቤቷ ማን ነው? ለምን ፊቷ ብቻ ተፈታ?

*

መኪናዋን ጋራዥ ያስገባችው የሆስፒታል ነርስ ነበረች። ከሥራ እንደወጣች ነጭ ጋውኗን በክንዷ ይዛ መጣችና የሆነውን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«የአክስቴ ባል መኪና ናት፤» አለች። «ልገዛት እያሰብኩ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ሞታ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ጋሼ መንዳት ሰልችቶታል፣ ለባዳ ከምትሄድ አንቺ ውሰጃት አለችኝ። ዋጋዋም በገበያው ግማሽ ነው።»

«ታዲያ ምን አመነታሽ?»

«ጋራዥ እንዳትወስጃት፣ ጋሼ ጠብቆ ነው የያዛት ብላኝ ነበር። ያሳደገኝን ሰው አላምንም ማለት ከባድ ነው። ግን ደግሞ ለስንት ዓመት የምይዘው ዕቃ ነው። ሳልነግራቸው ለጆሮ ሰጠሁት። ስሰጠው ሳቀብኝ። የዘመድ መኪና ስትገዢ ዘመዱንም አብረሽ ነው የምትገዢው፤ ሁለቱንም ማዳመጥ ያስፈልጋል አለኝ።»

ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም።

«ከዚያስ?»

«ዛሬ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለልኝ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። መኪናውን አትግዢው አለኝ። ምነው ስለው፣ ከፓራውልቱ ጀርባ የሆነ ነገር አግኝቻለሁ፣ በስልክ አይሆንም፣ ከሥራ ስትወጪ ነይ አለኝ።»

«ይህንን ለማን ነገርሽ?»

ዓይኗን ወደ ጋውኗ መለሰች። «ለማንም።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩ ላይ «ለማንም» ብሎ ጻፈ። ከቃሉ ሥር ደግሞ አንድ መስመር አሰመረ።

*

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን በፖሊስ ግቢ ውስጥ እንደገና ፈተሿት። ሟቹ አግኝቶት የነበረው ነገር የለም፤ ወስደውታል። ሳጅኗ ግን ባትሪ ይዛ ከራዲያተሩ ሥር ተኝታ ገባች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ አፍንጫዋ ጥላሸት ነክቶት፣ በወረንጦ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። የጣት ርዝመት ያለው፣ ብርሃን ሲነካው የሚያብረቀርቅ ብርማ ጥብጣብ ነው። ዳሩ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

ኢንስፔክተሩ ጥብጣቡን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ከአራት ወር በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አንዲት የጎዳና ጠራጊ አደባባዩ ጥግ መጥረጊያዋን እንደያዘች ተገጭታ ሞታ ነበር። የገጫት አልቆመም። ያየ ሰው የለም። መዝገቡን የያዘው እሱ ራሱ ነበር፤ ከጥቂት የተሰበረ ጥቁር ፕላስቲክ በቀር ምንም ስላላገኘ መሳቢያው ውስጥ አድሮ ቀረ። የሟቿ ባል ልብስ ሰፊ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት፣ ጣቢያው በር ላይ ይመጣና «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «የለም» ሲሉት ያመሰግንና ይሄዳል። ኢንስፔክተሩን ከሁሉ የሚያሳፍረው ያ ምስጋና ነበር።

ልብስ ሰፊውን አስጠራው። ሰውየው መነጽሩን አደረገ፤ ጥብጣቡን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ክሩን ተከተለ።

«ይሄ ስፌት የእኔ ነው፤» አለ። «ከመሥሪያ ቤት የሰጧት ሰደርያ ጥብጣቡ ይላቀቅ ነበር። መኪና እንዲያይሽ ብዬ ደግሜ ሰፋሁት። ቢጫ ክር አልቆብኝ በቀይ ነው የሰፋሁት።» ጥብጣቡን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «የት አገኛችሁት?»

«ትንሽ ቀን ስጠኝ፤» አለው ኢንስፔክተሩ።

ያን ቀን ከሰዓት ቀለም ቀቢውም ተለቀቀ። የነበረው ከተማው ማዶ ባለ ሌላ ጋራዥ ሥራ ሲጠይቅ ነው፤ አምስት ሰዎች አይተውታል። ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረው ጓደኛው በሞተባት ሰዓት ሊከዳው ሲደራደር መዋሉን መናገር አፍሮ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

*

የነርሷ አክስት ባል የሕንፃ መሐንዲስ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ አምስት ይጠጋል፤ ከትላልቅ ግንባታዎች ገና አልወጡም። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ የዘረጉት ግን እሱ ከቆመበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር። ሚስታቸው በፍጥነት ክንዳቸውን ያዝ አድርገው ወደ እሱ መለሱት።

«ጋሼ ሰሞኑን ዓይናቸውን ትንሽ ያማቸዋል፤» አሉ።

ሚስትየው ቀጠን ያሉ፣ አነጋገራቸው የለሰለሰ ሴት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛው፣ የውሃው ብርጭቆ ሳይቀር ነገ ሲመጡም ቦታውን የማይለቅ ይመስላል።

«መኪናዋ ከዚህ በፊት ተጋጭታ ታውቃለች?»

«አዎ፤» አሉ መሐንዲሱ ሳያንገራግሩ። «ከአራት ወር በፊት ሥራ ቦታ ልደርስ በጠዋት ስገሰግስ ውሻ ገጨሁ። ፓራውልቷ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሳይፈታ ላዩን አስጠገንኩት። ለልጅቷም ነግሬያታለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሰውየውን ትክ ብሎ አያቸው። ውሸታም እንዲህ በቀላሉ ራሱን አሳልፎ አይሰጥም፤ ወይም ደግሞ ከውሸታሞች ሁሉ የበለጠ ጎበዝ ነው። የሟቹን ፎቶግራፍ ከፖስታው አውጥቶ ሰጣቸው። «ይህንን ሰው ያውቁታል?»

መሐንዲሱ ፎቶግራፉን ተቀብለው ቅንድባቸውን ሰብስበው አዩት። ያዩት ነጩን ጀርባውን ነበር።

«አላስታውሰውም፤» አሉ።

ሚስትየው ፎቶግራፉን ከእጃቸው ቀስ ብለው ወሰዱ። «እስቲ እኔም ልየው። አይ፣ አናውቀውም።»

«ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ዓይን ክሊኒክ፤» አሉ መሐንዲሱ። «ጠብታ አድርገውልኝ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከዚያ ምርመራ ላይ፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል እዚያው ነበርኩ። ጠይቁ።»

«ብቻዎን?»

«ከእሷ ጋር። እሷ መቼ ተለይታኝ ታውቃለች?» እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን ትከሻ ፈልገው አገኙ። «ከጎኔ አልተነሣችም።»

*

ክሊኒኩ ከጋራዡ በእግር ሰባት ደቂቃ ይርቃል። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ይዞ ነው የሄደው። የመሐንዲሱ ካርድ የተናገሩትን ሁሉ አረጋገጠ። ሐኪሙ ደግሞ ሌላም ነገር ጨመሩበት።

«የዓይን ግፊት ነው፤ ዘግይተው ነው የመጡት። ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል። ግራው የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ አሾልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። ከዓመት በፊት መኪና እንዳይነዱ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ትናንት ጠብታው ከተደረገላቸው በኋላስ?»

«ያን ጊዜማ ጥላና ብርሃን ቢለዩ ነው።»

ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ መሐንዲሱንም ሚስታቸውንም በደንብ ታውቃቸዋለች። ምስኪን ባልና ሚስት ናቸው አለች።

«ትናንት ሚስቲቱ ሙሉ ጊዜውን አብረዋቸው ነበሩ?»

«መጀመሪያ ላይ። ከዚያ ስልክ ተደወለላቸውና ወደ ውጭ ወጡ። ቆይተው ነው የመጡት፤ አንድ ሰዓት ይሆናል። ቦርሳቸውን ጋሼ አጠገብ ወንበሩ ላይ አድርገውት ነው የሄዱት። ጋሼ እጃቸውን ቦርሳው ላይ አድርገው ቁጭ ብለው ነበር። እንዲያውም አንዴ ሲያናግሩት ሰምቼ አዘንኩ።»

«ቦርሳውን?»

«አዎ። ‹ደከመሽ እንዴ? ዝም አልሽ› አሉት።»

ኢንስፔክተሩ ከክሊኒኩ ወጥቶ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብዙ የሐሰት ምስክር ሰምቷል። እውነት መስሎት እንዲህ ያለ የሐሰት ምስክርነት የሰጠ ሰው ግን አላጋጠመውም።

ነርሷን ያገኛት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ገና ሳይጠይቃት እንባዋ መጣ።

«ደውዬላት ነበር፤» አለች። «ለጆሮ እንደሰጠሁት ደብቄያት ስለነበር ከበደኝ። ይቅርታ አክስቴ፣ ከዓይን ክሊኒኩ በታች ያለ ጋራዥ ወስጃት ነበር፣ መካኒኩ ከፓራውልቱ ጀርባ የሆነ ነገር አገኘሁ ብሎኛል፣ ጋሼ ያውቅ ይሆን አልኳት። ‹ምንም አይደል ልጄ› አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ማታ የሆነውን ስሰማ ያቺ ‹ምንም አይደል› የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እሷ እኮ እናቴ ናት።»

*

ሚስትየው ኢንስፔክተሩን ግቢ ውስጥ ተቀበሉት። ልብስ እያሰጡ ነበር። ሳጅኗ ከኋላው መቆሟን ሲያዩ የያዙትን ሸሚዝ አጣጥፈው ቅርጫቱ ላይ አስቀመጡ። መሐንዲሱ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ እንበል፤» አሉ።

ራቅ አሉ። ኢንስፔክተሩ ስለ ቦርሳው ነገራቸው። ስለ ዘይቱ ነገራቸው፤ ዕቃው ላይ የጣት አሻራ እንደተገኘ፣ ዛሬ የእሳቸውን እንደሚያነሡ። በመጨረሻም ጥብጣቡን በላስቲክ እንደታሸገ አሳያቸው። ቀዩን ክር ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ መንዳት አልችልም፤» አሉ። «ተምሬም አላውቅ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ የነዳሁት እኔ ነኝ። ግራ ያዝ፣ ቀኝ ያዝ፣ ቁም፣ ሰው አለ፣ እለዋለሁ። ዓይኑ መጥፋቱ ከታወቀ ሥራውን ይነጠቃል፤ ሥራውን ከተነጠቀ ደግሞ ይሞታል ብዬ ነው። ዓይኑ እኔ ነበርኩ።»

«ያን ዕለት ጠዋትስ?»

«ፔርሙዙን ልከፍት አጎነበስኩ። ሻይ አምሮት ነበር። ቀና ስል… ወርጄ አየኋት። እጇን ያዝኩ። ትተነፍስ ነበር። ምንድን ነው አለኝ ከመኪናው ውስጥ። ውሻ ነው አልኩት።»

ኢንስፔክተሩ ቃላቸውን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

«ለባዳ ብንሸጣት የሚገዛው ሰው ይፈታታል ብዬ ፈራሁ። ልጄ ግን ካልኳት አትወጣም፤ ዝም ብላ ትነዳታለች አልኩ። ስትደውልልኝ ቦርሳዬን አስቀምጬ ሮጥኩ። ሰውየው ቢጫ ጨርቅ በእጁ ይዟል። ስጠኝ አልኩት። ‹ይሄ የሰው ልብስ ነው እናቴ፣ ለፖሊስ ነው የምሰጠው› አለኝ። እናቴ ነው ያለኝ። ነጠቅሁት፤ አልለቅም ሲለኝ ገፋሁት። ጉድጓዱን አላሰብኩትም፤ እንዲሞት ብዬ አልገፋሁትም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ግን እያየሁ ነው ያደረግሁት። ዘይቱን እያየሁ አፈሰስኩ። ጨርቁንም አቃጥዬዋለሁ።»

ሬዲዮው ከተዘጋ ቆይቷል። ማናቸውም አላስተዋሉም ነበር። መሐንዲሱ በሩ ላይ፣ አንድ እጃቸው መቃኑን ይዞ ቆመዋል።

«ውሻ አልነበረም?» አሉ።

ሚስታቸው ወደ ልብሱ ቅርጫት ዞሩ።

«ጠርጥሬ ነበር፤» አሉ መሐንዲሱ። «ከመኪናው ወርደሽ ብዙ ቆየሽ። ለውሻ እንደዚያ አይቆይም። ግን መጠየቅ ፈራሁ። ከጠየቅሁሽ ትነግሪኛለሽ፤ ከነገርሽኝ መንዳቴን መተው ነበረብኝ።»

ወደ ሚስታቸው ሊመጡ እግራቸውን አነሡ። ግቢው ውስጥ ያለ ሚስታቸው ክንድ ሄደው ስለማያውቁ ደረጃው ላይ ተንገዳገዱ። ሳጅኗ ሮጣ ያዘቻቸው። ሚስትየው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ከዚያ ራሳቸው መልሰው አወረዷቸው።

*

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ቃሏን ለመፈረም ጣቢያ መጣች። አክስቷ ታስረዋል። መሐንዲሱም ተከሰዋል፤ በዓይናቸው ምክንያት ፍርዱን ቤታቸው ሆነው እንዲጠብቁ ተፈቅዶላቸዋል።

«ጋራዥ ባልወስዳት ኖሮ ያ ሰውዬ ዛሬ ሥራው ላይ ነበር፤» አለች። «ማመን ነበረብኝ። ወይ ደግሞ አልፈልግም ብዬ መተው። ሁለቱንም አልቻልኩም።»

«ጆሮ ያገኘውን ነገር እዚያ ያስቀመጥሽው አንቺ አይደለሽም፤» አላት ኢንስፔክተሩ። እንደማያጽናናት ያውቃል። ግን እውነት ስለሆነ ተናገረው።

ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። አርብ ዕለት ቤቱ ሄደው ነግረውታል፤ ቢሆንም እግሩ የሰኞን መንገድ ስለለመደ መጥቷል። ነርሷ ማን እንደሆነ ስትሰማ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«መኪናዋ የአክስቴ ባል ናት፤» አለችው። «ልገዛት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወዲያው ነው የሞተችው?»

ኢንስፔክተሩ «አዎ» ማለት ይችል ነበር። ማንም አይቃወመውም።

«ወዲያው አይደለም፤» አለ። «ትተነፍስ ነበር። ሴትየዋ ወርደው እጇን ይዘዋታል። ከዚያ ጥለዋት ሄዱ።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ፣ ከሌላው ክፍል የስልክ ጥሪ ይሰማል። ነርሷ እንደቆመች ናት።

«የማያየውን ሰውዬ አሁን ማን ነው የሚመራው?» አላት በመጨረሻ።

«እኔ፤» አለች። «ከሥራ መልስ እኔ ነኝ ያለሁት።»

ራሱን ነቀነቀ። አግዳሚው ላይ ትንሽ ወደ ጥግ ተጠግቶ ለእሷም የሚሆን ቦታ ለቀቀላት።

«ቁጭ በይ፤» አላት።